ከተማዋን ማን አቃጠለ? አማልክት፣ አስማትና ነጻ ፈቃድ በምናባዊ ዓለም

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። ጠያቂዋ የመጀመሪያ ልቦለዷን የምትጽፍ ወጣት ናት፤ እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ የምጽፈው ፋንታሲ ነው። ዓለሙን የቀዳሁት ከሐዋሳ ሐይቅ ነው፤ ትልቅ ሐይቅ፣ ዳሩ ላይ ከተማ፣ ሐይቁ ውስጥ ሁሉን የምታውቅ አምላክ። ባለታሪኳ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በተወለደች ቀን አምላኳ ‹ይህች ልጅ 20 ዓመት ሲሞላት ከተማዋን ታቃጥላለች› ትላለች። ልጅቷ ስታድግ አንድ አስማተኛ መስተፋቅር ያደርግባትና ከጠላት አገር ልዑል ፍቅር ይይዛታል፤ ለእሱ ስትል ከተማዋን ታቃጥላለች። ረቂቁን ያነበበው ጓደኛዬ ‹አምላክሽ ሁሉን ካወቀች፣ አስማተኛሽም ልቧን ካዘዘው፣ ልጅቷ አሻንጉሊት ናት። ለአሻንጉሊት ማን ያለቅሳል?› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻፍ አቃተኝ። አምላኳን ላውጣ ወይስ አስማቱን?»

አንዱንም አታውጪ። ጓደኛሽ እውነተኛ ሕመም አይቷል፤ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ግን ስቷል። ማወቅን፣ መናገርንና ማድረግን በአንድ ከረጢት ከትቶ ነው «አሻንጉሊት» ያለሽ። ሁሉን የምታውቅ አምላክ ልጅቷን አሻንጉሊት አታደርጋትም። ያወቀችውን የምትናገር አምላክ ልታደርጋት ትችላለች። ልቧን ይዞ የሚያዞር አስማተኛ ደግሞ በእርግጥ ያደርጋታል፤ የረቂቅሽ ቁስል ያለው እዚያ ነው።

ከማወቅ እንጀምር። ሐዋሳ ላደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየዓመቱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ይናገራሉ። ቀኑን ያውቁታል እንጂ አይፈጥሩትም፤ ከዋክብቱን የሚነዳቸው የሽማግሌዎቹ ዓይን አይደለም። ወይም ታቦር ተራራ ላይ ወጥተሽ ወደ ታች ተመልከቺ። አንድ ባጃጅ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ሌላው ከመታጠፊያው ማዶ ሲመጣ ሁለቱንም ታያለሽ። ሾፌሮቹ ገና አልተያዩም። እንደሚገናኙ አንቺ ታውቂያለሽ፤ መሪውን የያዙት ግን እነሱ ናቸው። ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤትየስ በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በእስር ቤት ሞቱን እየጠበቀ የጻፈው መልስ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ለፈጣሪ ትናንትና ነገ የሉም፤ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት፣ ከከፍታ ላይ እንደቆመ ሰው ያየዋል። የሚያየውን ነገር ደግሞ ማየቱ አያስገድደውም።

ይህ መልስ ሁሉንም አላሳመነም። «ዕውቀቷ ሊሳሳት የማይችል ከሆነ፣ ልጅቷ ሌላ ነገር ማድረግ ትችላለች ብለን በምን አፋችን እንናገራለን?» የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አንቺ ግን ፍልስፍና እየጻፍሽ አይደለም፤ ለልቦለድ የሚበቃው ማስረጃ በእጅሽ አለ። የምትወጂውን ልቦለድ ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቢ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። ገጸ ባሕርዩ በሩን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ «ተው!» ማለትሽ ይቀራል? አይቀርም። አንባቢ በማወቅ ብቻ ሰውን አሻንጉሊት አድርጎ አያይም።

ነገሩ የሚለወጠው አምላኳ አፏን ስትከፍት ነው። መናገር ድርጊት ነው። አያንቶዎቹ ቀኑን እስኪናገሩ ድረስ ዕውቀታቸው በልባቸው ነው፤ ከተናገሩ በኋላ ግን አገሩ ይንቀሳቀሳል፣ የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜው ይሰናዳል፣ ሰው በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ይወርዳል። ትንቢትም እንዲሁ ነው፤ የሰማው ሰው ከሰማ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ በትንቢቱ የተነካ ነው። ስለዚህ «አምላኬ ታውቃለች?» ብለሽ መጨነቅሽን ትተሽ «ለማን ተናገረች? በምን ቃል? የሰማው ሰውስ ምን አደረገ?» ብለሽ ጠይቂ። ረቂቅሽ ውስጥ ትንቢቱ ምዕራፍ 1 ላይ ይነገርና 20 ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አያደርግበትም። እናትየው አልፈራችም። ካህናቱ አልመከሩም። ጎረቤት ልጁን «ከዚያች ልጅ ጋር አትጫወት» አላለም። ጓደኛሽን ያስቀየመው ይህ ይመስለኛል፤ ሰዎቹ ሁሉ የሚሆነውን ቆመው የሚጠብቁ ሆነውበታል።

ትንቢት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የነነዌውን አስቢ፤ ዮናስ «ትጠፋላችሁ» አለ፣ ሕዝቡ ተመለሰ፣ ከተማዋ ዳነች። ይህ በሁኔታ የታሰረ ትንቢት ነው፤ ሳይፈጸም መቅረቱ ዓላማው ነበር። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ ያቆየልን የክሮይሶስ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የልድያው ንጉሥ ፋርስን ልውጋ ወይ ብሎ በግሪኮቹ የትንቢት መቅደስ በዴልፊ ሲያስጠይቅ «ብትዘምት ታላቅ መንግሥት ታጠፋለህ» ተባለ፤ ዘመተና የራሱን መንግሥት አጠፋ። ትንቢቱ አልዋሸም፤ የፈታው እሱ ነው፤ ሲፈታው ደግሞ የመረጠው ኩራቱን ነው። ሦስተኛው፣ ሰው ሊሸሸው ሲሮጥ በሽሽቱ የሚፈጽመው ነው፤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው አገራዊ አነጋገር ይህን በአራት ቃላት ጨርሶታል።

ለአንቺ ታሪክ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አዋህጂ፤ መሣሪያው ደግሞ የራሳችን ነው፣ ሰምና ወርቅ። «ታቃጥላለች» የሚለውን ቃል ጣይው፤ ደረቅ ነው፣ ለማንም ምርጫ አይተውም። በምትኩ አምላኳ ቃሏን በብራና ላይ ትተው፦ «ከተማዋ በእጇ ትበራለች»። ይህን ላልቶ ያነበበው ብርሃን ያያል፤ ጠብቆ ያነበበው እንደ አመድ በንና የምትሄድ ከተማ ያያል። ፊደሉ ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። እንግዲህ ያነበቡት ካህናት ይምረጡ። በፍርሃት ጠብቆ ካነበቡት፣ ልጅቷን ከጨቅላነቷ ጀምሮ እንደ እሳት ካዩዋት፣ እናቷን ከጉድጓድ ውሃ ካገዷት፣ ከተማዋ ገለባውን በገዛ እጇ እየከመረች ነው። አምላኳ አላስገደደቻቸውም። ላልቶ ማንበብ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ አስማቱ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ብዙ የወጣት ጸሐፊዎች ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ነው።

«አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። የአገራችን የአስማት ትምህርት ሥሩ ይኸው ነው፤ የኅቡዕ ስም ዕውቀት ኃይል ነው፤ ስሙ የታወቀበት መንፈስም ይታዘዛል። ዐውደ ነገሥት የሚቆጥር ሰው የአንቺን ስም ብቻ ይዞ ምንም አያደርግም፤ የእናትሽን ስም ይጠይቃል፣ የሁለቱን ፊደላት ቁጥር ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፣ በቀረው ኮከብሽን ያወጣል። ክታብ የሚጽፈውም የክርስትና ስምሽን ይፈልጋል፤ ብራናውንም ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅሽ በቁመትሽ ልክ ይሠራዋል። አያቶቻችን የክርስትና ስማቸውን ለማንም የማይናገሩት በዚህ ምክንያት ነበር። አንቺ እንደምታምኚበት ወይም እንደማታምኚበት ለዚህ ጥያቄ ለውጥ የለውም። ለልቦለድ ጸሐፊ የሚጠቅመው ሥርዓቱ ገደብ ያለው መሆኑ ነው።

ገደቡን ተከትለሽ ሂጂ። አስማተኛሽ መስተፋቅሩን ለማድረግ የልጅቷን ስውር ስምና የእናቷን ስም ማግኘት አለበት። ማን ሰጠው? ረቂቅሽ ዝም ብሎ «ስሟን አወቀ» ይላል። ይህ የመጽሐፍሽ ትልቁ ያልተጻፈ ትዕይንት ነው። አንድ ሰው ሸጧታል፤ አክስቷ፣ ክርስትና ያነሳቻት ሴት፣ ወይም ጓደኛዋ። ያ ሰው ድግምት አልተደረገበትም፤ በሙሉ ልቡናው፣ በቅናት ወይም በችግር፣ አፉን ከፍቶ ስሟን ተናገረ። በእያንዳንዱ ድግምት ጀርባ ያልተደገመበት ሰው ምርጫ ካስቀመጥሽ፣ አስማትሽ የነጻ ፈቃድ ጠላት መሆኑ ይቀርና የሰዎች ምርጫ የሚተላለፍበት መንገድ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ድግምቱ ምን ይነካል የሚለው ነው። ሕዝባችን ለዚህ የተለያዩ ስሞች ያወጣው በከንቱ አይደለም። ዕፀ መሰውር የሌላውን ዓይን ይጋርዳል፤ የማንንም ልብ አይነካም። ግርማ ሞገስ ሰዎች ሲያዩሽ እንዲፈሩሽ ያደርጋል፤ ፈርተው ምን እንደሚያደርጉ ግን ለእነሱ የተተወ ነው። አዚም ግን ሰውን ያፈዝዛል። መስተፋቅርም ወደ ውስጥ ይገባል። ፈቃድን የሚነኩት እነዚህ ናቸው፤ በእነዚህ ስር የተደረገ ድርጊት የማን ነው? የኛ ሰው መልሱን ያውቃል፤ «ተደርጎበት ነው» ይላል። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ የተናገረው ጋላቢው እንጂ ፈረሱ አይደለም። ለሕይወት ይህ ምሕረት ነው። ለባለታሪክ ግን ሞት ነው፤ ጥፋቷን ስትወስጂባት ታላቅነቷንም አብረሽ ትወስጂባታለሽ። እሳቱን የለኮሰችው በመስተፋቅር ስር ሆና ከሆነ፣ የተቃጠለችው ከተማ የአስማተኛው ሥራ ናት፤ ልጅቷ ክብሪት ናት።

ከዚህ የሚያወጡ መንገዶች አሉ። አንዱ ድግምቱን ከልብ አውጥቶ ወደ አጋጣሚ ማዛወር ነው። የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያው ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ሥራ ስለ አዛንዴ ሕዝብ የጻፈው አንድ ምሳሌ አለ። ጎተራ ተደርምሶ ከሥሩ የተቀመጡ ሰዎችን ይጎዳል። ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አዛንዴዎች ያውቃሉ፤ ሰዎቹ ጥላ ፍለጋ እንደተቀመጡም ያውቃሉ። ጥንቆላ የሚገባው «ለምን እነዚህ ሰዎች፣ ለምን በዚህች ሰዓት?» የሚለው ላይ ነው። በዚህ ዓይነት አስማት መስተፋቅሩ ልቧን አይነካም። ልዑሉ ጀልባው ተሰብሮ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በሚያሰጡበት ዳርቻ እንዲወጣ ያደርጋል፣ በማግስቱም በገበያ፣ በሦስተኛው ቀንም በዝናብ መጠለያ ያገናኛቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍቅር የራሷ ነው። ቆንጆ መንገድ ነው፤ ለቀላል ታሪክ ይህን እመርጥ ነበር።

ሌላው ምኞትንና ፈቃድን መለየት ነው። ድግምቱ ምኞት ይጭናል፤ እሺታን ግን መስጠት አይችልም። ልቧ ይነዳል፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ የልዑሉ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል፤ «እሺ» የሚለውን ቃል ግን ከአፏ የሚያወጣው ማንም የለም። ያፈቀረ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ስለሚያውቅ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የኔ ምክር ይህ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪ፦ ድግምቱ ከእሳቱ በፊት ይፈታ። መፍትሔ ሥራይ የሚደግምላት ሰው ይምጣ፣ ወይም ስሟን የሸጠችው አክስት ተጸጽታ ትናዘዝ። ልጅቷ ነጻ ትሁን፣ የተደረገባትን ሁሉ ትወቅ፣ ልዑሉን እንደ ማንኛውም ሰው ትየው። ችቦው ግን በእጇ ነው፤ ከኋላዋም 20 ዓመት እንደ እሳት ያያት ከተማ አለ። አሁን ታቃጥል ወይስ አታቃጥል? ብታቃጥል የራሷ እሳት ነው። ባታቃጥልና ችቦውን ይዛ በጨለማ የጠፉትን ጀልባዎች ወደ ዳር ብትጠራበት፣ ትንቢቱ ላልቶ ተፈጸመ። ሁለቱም መጨረሻ ይቆማል።

«ታዲያ አምላኳ ይህን ሁሉ እያየች ለምን ዝም አለች?» የሚል አንባቢ ይመጣል፤ መልስ ሊኖርሽ ይገባል። የቻለች ግን ያላደረገች አምላክ ምክንያት ያስፈልጋታል። ግሪኮቹ ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። በትሮይ ጦርነት ዜውስ የገዛ ልጁን ሳርፔዶንን ከሞት ሊያወጣው ይፈልጋል፤ ሄራ «አንተ ልጅህን ካዳንህ ሌሎቹም አማልክት ልጆቻቸውን ሊያድኑ ይነሳሉ» ስትለው ዝም ይላል፣ የደም ጠብታ ያዘንባል። መቻልና መፈቀድ ይለያያሉ። የአንቺ አምላክ በመሐላ ትታሰር፤ ለምሳሌ ለአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች። የመጀመሪያውን ቃሏን በብራናው ላይ ስለጨረሰችው ለልጅቷ የሚተርፍ የላትም። አሳዛኝም ነው፣ ንጹሕም ነው።

ሐይቃችንን ተመልከቺ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚታይ መውጫ የለውም፤ በዚህ ሒሳብ እንደ ሻላና አቢያታ ጨዋማ መሆን ነበረበት። አልሆነም፤ ባለሙያዎች ውሃው ከመሬት በታች እንደሚሰርግ ይናገራሉ። የአምላክሽ ዝምታም እንደዚህ ስውር መውጫ ያስፈልገዋል። አንባቢው ላያየው ይችላል፤ አንቺ ግን የት እንዳለ እወቂ፣ አለዚያ ታሪኩ ቀስ በቀስ ይመርራል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ለአምላክሽ የሕያው እምነት ስም አትስጪ፤ ማጋኖን፣ ዋቃን ወይም ሌላ ሰዎች ዛሬ የሚጸልዩለትን ስም ከሐይቅ ጭራቅ ጋር አታጋቢ። አያንቶዎቹንም ጠንቋይ አድርገሽ እንዳትስያቸው፤ ሰማይን የሚያነቡ አዋቂዎች ናቸው። አሠራሩን ተማሪ፣ ስሙን ተዪ። መስተፋቅሩን በዕፅ ካደረግሽው ደግሞ አስተናግርን ወይም ሌላ እውነተኛ መርዛማ ተክል ከነመጠኑ አትጻፊ። አስተናግር ሰውን የሚያስቀባጥር እውነተኛ መርዝ ነው፣ ይገድላል፤ ለመጽሐፍሽ የፈጠርሽው ቅጠል ይበቃዋል። የአስማተኛውንም ኃይል ወሰን ቀድመሽ አሳዪ። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖን ጠቢባን በትሩን እባብ ያደርጋሉ፣ ውሃውን ደም ያደርጋሉ፣ ጓጉንቸር ያወጣሉ፤ በሦስተኛው መቅሰፍት ላይ ግን አቅቷቸው «ይህስ የእግዚአብሔር ጣት ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ አቅቶት ያላየነውን አስማተኛ፣ በመጨረሻ ሲሸነፍ አናምነውም።

ነጻ ፈቃድን ጨርሰሽ ለመፍታትም አትሞክሪ። መጽሐፈ ሲራክ እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይላል፤ ያው ኦሪት ዘጸአት ግን በአንዱ ቦታ ፈርዖን ልቡን አደነደነ፣ በሌላው እግዚአብሔር አጸናው እያለ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያኖራል። በእስልምናም የቀደር፣ ማለትም የአላህ አስቀድሞ መወሰን፣ ክርክር ዘመናትን የፈጀ ነው፤ በ10ኛው መቶ ዘመን ያረፈው አል-አሽዓሪ ድርጊቱን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ሰው ግን የራሱ ያደርገዋል በሚል ሊያስታርቀው ሞክሯል። እነዚህ ሁሉ ያላጠሩትን በምዕራፍ 14 ላይ በሁለት ካህናት ንግግር ልታጠሪው አትችዪም። ያንን ምዕራፍ አውጪው። ገጸ ባሕርያትሽ ስለ ነጻ ፈቃድ ሲከራከሩ አንባቢ ይደክመዋል፤ ሲመርጡ ሲያይ ግን ትንፋሹን ይይዛል።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ምዕራፍ 1 ላይ «ታቃጥላለች»ን በ«ትበራለች» ቀይሪ፣ ቃሉንም በብራና አድርጊው። አክስቷ ስሟን የምትሸጥበትን ትዕይንት ጻፊ፤ ቢያንስ አምስት ገጽ ስጪው፣ የሸጠችበትን ዋጋም አሳዪን። ድግምቱን ከእሳቱ በፊት ፍቺው። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ልጅቷ ችቦውን ይዛ ዳር የቆመችበትን ሌሊት ጻፊ፤ በዚያ ሌሊት አስማተኛውም አምላኳም አንድ ቃል እንዳይናገሩ።